ስለ ጥንድ ከዋክብት ክብደት አመዛዘን

በሰማይ ያሉ ከዋክብት ክብደታቸው ይህን ያህል ነው የሚል ቃል በትምህርት መጽሐፍ ተጽፎ ይገኛል። ይህን የሰማ ተማሪ ወይም በዕድሜ የበሰለ ሽማግሌ «ማን ወጥቶ መዘናቸው? በምንስ ሚዛን?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው የተገባ ነው። መምህሩም «ሊቃውንት እንዲህ ብለዋል» ብሎ ቢያልፈው መልስ አልሰጠም። መንገዱ ሳይታይ የተቀበሉት ነገር በልብ አይጸናም፤ ሌላ ሰው ተቃራኒውን በተናገረ ጊዜ ይጠፋል። የሰውን ዕድል በኮከቡ እነግራለሁ የሚል ጠንቋይም «መጽሐፉ እንዲህ ይላል» እያለ ስለሚናገር፥ እውነተኛውን ከሐሰተኛው ለመለየት ሒሳቡን መመርመር ያስፈልጋል።

የከዋክብት ክብደት በግምት የተነገረ አይደለም። ማባዛትና ማካፈል የሚችል ሰው ሁሉ ሊመረምረው የሚችል ሒሳብ አለው። የሒሳቡም መሠረት አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ብቻውን ያለ ኮከብ በዚህ መንገድ አይመዘንም፥ ሁለት ሆነው እርስ በርሳቸው የሚዞሩ ግን አንዱ ለሌላው ሚዛን ይሆናል። ከዚህ ቀጥሎ መንገዱ በየተራው ይገለጻል። የተጻፉትም ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1ኛ፤ መዞር ሚዛን ስለ መሆኑ

በገበያ ቅቤ ወይም ማር ሲመዘን የሚታወቀው ምድር ዕቃውን ወደ ታች የምትስብበት ኃይል ነው። የኮከብ ክብደት ሲባል ግን በኮከቡ ውስጥ ያለው የቁስ ብዛት ማለት ነው። ቁስ ባለበት ሁሉ ስበት አለ፤ ቁሱ በበዛ መጠን ስበቱም ይበረታል። ስለዚህ የኮከብን ስበት የለካ ሰው የኮከቡን ቁስ ለካ ማለት ነው።

ስበትን ከሩቅ ለመለካት የወንጭፍ ነገር ይረዳል። እህል የሚጠብቅ ልጅ በወንጭፍ ድንጋይ ሲያዞር፥ ድንጋዩ በርሮ የማይሄደው ገመዱ ስለሚይዘው ነው። ገመዱ ሳይረዝምና ሳያጥር ልጁ አዟዟሩን ቢያፈጥን፥ እጁ የበለጠ ሲሳብ ይሰማዋል። እንግዲህ ሌላ ሰው ቆሞ የገመዱን ርዝመትና የአዟዟሩን ፍጥነት ቢለካ፥ የልጁን እጅ ሳይነካ እጁ የያዘበትን ኃይል ሊያውቅ ይችላል። በሰማይ ገመዱ ስበት ነው። አንድ አካል በሌላው ዙሪያ ሲዞር፥ ርቀቱና አንድ ዙር የሚፈጽምበት ዘመን ከታወቁ ስበቱ ይታወቃል፤ ስበቱ ከታወቀ ክብደቱ ይታወቃል።

ዮሐንስ ኬፕለር የሚባለው የጀርመን ሊቅ በ1619 ዓ.ም. ስለ ፀሐይ ዘዋሪዎች አንድ ሕግ አስታወቀ። የምድርና የፀሐይ ርቀት 1 ተብሎ ቢቈጠር፥ የማናቸውም ዘዋሪ ርቀት ሦስት ጊዜ እርስ በርሱ ተባዝቶ የሚገኘው ቍጥር፥ የዙሩ ዓመት ሁለት ጊዜ ተባዝቶ ከሚገኘው ቍጥር ጋራ እኩል ይሆናል። ለምሳሌ ጁፒተር ከፀሐይ ያለው ርቀት 5.2 ነው፤ አንድ ዙር የሚፈጽመው በ11.86 ዓመት ነው። 5.2 በ5.2፥ ደግሞም በ5.2 ሲባዛ 140.6 ይሆናል። 11.86 በ11.86 ሲባዛ 140.7 ይሆናል። ልዩነቱ ከቍጥሮቹ ማሳጠር የመጣ ነው።

የእንግሊዙ ሊቅ ይስሐቅ ኒውተን ደግሞ በ1687 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ የዚህን ሕግ ምክንያት ገለጸ። ሁለቱ ቍጥሮች እኩል የሆኑት ዘዋሪዎቹ ሁሉ በአንዲት ፀሐይ ስለሚሳቡና የዚህችም ፀሐይ ክብደት 1 ተብሎ ስለ ተቈጠረ ነው። የሚስበው አካል ከፀሐይ ቢከብድ ዙሩ ይፈጥናል፤ ቢቀል ዙሩ ይዘገያል። ስለዚህ ሕጉ እንዲህ ሆነ፤ ርቀቱን ሦስት ጊዜ አባዝቶ፥ ዘመኑን ሁለት ጊዜ አባዝቶ፥ የፊተኛውን በኋለኛው ማካፈል። የሚገኘው ቍጥር የሁለቱ አካላት ክብደት ተደምሮ የፀሐይን ስንት እጥፍ እንደ ሆነ ይናገራል። ለምሳሌ ሁለት ከዋክብት በምድርና በፀሐይ ርቀት ሆነው በግማሽ ዓመት ቢዞሩ፥ 1 በ0.25 ተካፍሎ 4 ይሆናል፤ ሁለቱ በአንድነት የፀሐይን አራት እጥፍ ይከብዳሉ ማለት ነው። ፀሐይ ራስዋም የምድርን 333,000 እጥፍ ያህል ትከብዳለች።

2ኛ፤ ጥንድ ከዋክብት ስለ መገኘታቸው

በሰማይ ተጠጋግተው የሚታዩ ከዋክብት ሁሉ ጥንድ አይደሉም። በሸንተረር ላይ ያለ ዛፍና ከኋላው በሌላ ኮረብታ ያለ ዛፍ ከሩቅ ሲታዩ ጎን ለጎን የቆሙ እንደሚመስሉ፥ ከዋክብትም በአንድ አቅጣጫ ስለ ዋሉ ብቻ የተጠጋጉ ይመስላሉ። ቀድሞ ሁሉም እንደዚህ ናቸው ተብሎ ይታሰብ ነበር። ዊልያም ኸርሸል የተባለው ሊቅ ግን ብዙ ዓመት እየለካ ከቈየ በኋላ በ1803 ዓ.ም. አንዳንዶቹ በእውነት እርስ በርሳቸው እንደሚዞሩ አስታወቀ። ከእነዚህም አንዱ ካስቶር የተባለው ኮከብ ነው። በዚህ ጊዜ የስበት ሕግ ከፀሐይ አልፎ በሩቆቹ ከዋክብትም እንደሚሠራ ታወቀ።

3ኛ፤ ስለ ርቀት አለካክ

የጥንዶቹ ምሕዋር በዓይን የሚታየው በማዕዘን ነው፤ በኪሎ ሜትር አይደለም። ሒሳቡ ግን እውነተኛውን ርቀት ይፈልጋል። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ዕለትን በ60 ኬክሮስ፥ ኬክሮስንም በ60 ካልዒት እንደሚከፍሉ፥ ሰማይን የሚለኩ ሰዎችም ክበቡን በ360 ዲግሪ፥ ዲግሪን በ60 ደቂቃ፥ ደቂቃን በ60 ሴኮንድ ይከፍላሉ። የአንድ ሴኮንድ ማዕዘን እጅግ ጠባብ ነው፤ 1 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ፍሬ ከ2 ኪሎ ሜትር ጥቂት አልፎ ሲታይ የሚሞላውን ያህል ነው።

የርቀቱ አለካክ በጮቄ ተራራ ሊመሰል ይችላል። ጮቄ ለብቸና ሰው ወደ ምዕራብ ይታያል፤ ለሞጣ ሰው ግን ወደ ደቡብ ይታያል። ተራራው አልተንቀሳቀሰም፤ የተለወጠው የተመልካቹ ስፍራ ነው። በብቸናና በሞጣ መካከል ያለው ርቀት ከታወቀ፥ በሁለቱም ስፍራ ወደ ተራራው ጫፍ የሚታየው ማዕዘን ተለክቶ፥ ጮቄን ሳይወጡ ርቀቱን በሒሳብ ማግኘት ይቻላል።

ለከዋክብት ግን የብቸናና የሞጣ መራራቅ አይበቃም፤ የምድር ዳርቻዎች ሁሉ አይበቁም። ስለዚህ ሊቃውንት የምድርን ዙር ተጠቀሙ። ምድር በ6 ወር ውስጥ ከፀሐይ ወዲህ ማዶ ወደ ወዲያ ማዶ ስትሄድ፥ የቆመችበት ስፍራ 300 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ይለወጣል። በዚያን ጊዜ ቅርብ የሆነው ኮከብ በሩቆቹ መካከል ጥቂት ፈቀቅ ያለ ይመስላል። የዚህ ፈቀቅታ ግማሽ ፓራላክስ ይባላል፤ ትርጓሜውም ከኮከቡ ስፍራ ሆኖ የምድርንና የፀሐይን ርቀት ለሚያይ የሚታየው ማዕዘን ማለት ነው። ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ቤሰል በ1838 ዓ.ም. የአንድ ኮከብ ፓራላክስ አስታወቀ። በደቡብ አፍሪቃ በመልካም ተስፋ ርእሰ ምድር በ1832ና በ1833 ዓ.ም. የለካው ቶማስ ሄንደርሰን ደግሞ የአልፋ ሴንታውሪን በ1839 ዓ.ም. አስታወቀ።

ፓራላክስ ከታወቀ ቀሪው ቀላል ነው። የጥንዶቹ ምሕዋር የሚታይበት ማዕዘን በፓራላክሱ ሲካፈል፥ ምሕዋሩ የምድርንና የፀሐይን ርቀት ስንት እጥፍ እንደሚሆን ይገኛል። ሁለቱም ማዕዘኖች ከአንድ ርቀት የታዩ ናቸውና።

4ኛ፤ ስለ አልፋ ሴንታውሪ ሒሳብ

አልፋ ሴንታውሪ በአውሮፓ ሰሜን ላሉ ሰዎች አይወጣም፤ ለብቸናና ለሞጣ ግን ይወጣል። በግንቦት ማለቂያ ደመና በሌለበት ምሽት ከ4 እስከ 5 ሰዓት ወደ ደቡብ የሚመለከት ሰው ሁለት ደማቅ ከዋክብት ጎን ለጎን ያያል። ከሁለቱ በስተግራ ያለው፥ ይልቁንም የሚደምቀው እርሱ ነው። ከአድማስ በላይ ያለው ከፍታ 18 ወይም 19 ዲግሪ ያህል ነው፤ ክንድን ዘርግቶ ሁለት ጡጫ ቢደራርቡ ከዚያ ጥቂት ይበልጣል። በዓይን አንድ ሆኖ ይታያል፤ ቴሌስኮፕ በተባለው የሩቅ ማያ መነጽር ግን ሁለት ነው። ሁለት መሆኑን በ1689 ዓ.ም. በህንድ አገር በፖንዲሼሪ የነበረ ዣን ሪሾ የተባለ ፈረንሳዊ መነኩሴ አየ። ከሁለቱ እጅግ ርቆ ሦስተኛ ትንሽ ኮከብ አለ፤ ነገር ግን ቀላልና ሩቅ ስለ ሆነ ሒሳቡን አያናውጥም።

የተለካው ይህ ነው። አንድ ዙር የሚፈጽሙት በ79.8 ዓመት ነው። የምሕዋራቸው ረዥም ስፋት ግማሽ 17.5 ሴኮንድ ነው። ፓራላክሳቸው 0.75 ሴኮንድ ነው። 17.5 በ0.75 ሲካፈል 23.3 ይሆናል፤ ይህ ርቀታቸው ነው። 23.3 ሦስት ጊዜ ሲባዛ 12,649 ይሆናል። 79.8 ሁለት ጊዜ ሲባዛ 6,368 ይሆናል። የፊተኛው በኋለኛው ሲካፈል 1.99 ይሆናል። እንግዲህ ሁለቱ ከዋክብት በአንድነት ሁለት ፀሐይ ሊሞሉ ጥቂት ይቀራቸዋል።

በዚህ ስፍራ ሁለት ነገር መጠንቀቅ ይገባል። የመጀመሪያው ምሕዋሩ ያዘነበለ መሆኑ ነው። ክብ ሰፌድ ከፊት ለፊት ሲያዩት ክብ ነው፤ አዘንብሎ ሲይዙት ግን ሞላላ ይመስላል። የከዋክብትም ምሕዋር እንዲሁ ጎኑን አዙሮ ስለሚታይ፥ በመነጽር የታየው ቅርጽ እውነተኛው ቅርጽ አይደለም። ነገር ግን በእውነተኛው ቅርጽ ዋነኛው ኮከብ የሚገኝበት ስፍራ በሕግ የታወቀ ነው፤ በሚታየው ቅርጽ ከዚያ ስፍራ ፈቀቅ ብሎ ሲገኝ፥ የፈቀቅታው መጠን የማዘንበሉን መጠን ይናገራል። ከላይ የተጻፈው 17.5 ሴኮንድ ይህ ማዘንበል ከተቃና በኋላ የተገኘ ነው።

ሁለተኛው ጥንቃቄ የርቀት ስሕተት ነው። ርቀቱ ሦስት ጊዜ ስለሚባዛ ስሕተቱም አብሮ ይባዛል። ርቀቱን በ10 እጅ አንድ አብዝቶ የለካ ሰው ክብደቱን ከ3 እጅ አንድ ያህል ያበዛዋል፤ ርቀቱን እጥፍ ያደረገ ሰው ክብደቱን 8 እጥፍ ያደርገዋል። ስለዚህ ፓራላክስን አጥርቶ ለመለካት ብዙ ተደክሟል። ጋይያ የተባለችው የአውሮፓ መንኮራኩር ከ2014 እስከ 2025 ዓ.ም. ድረስ ከ1,000 ሚሊዮን የሚበልጡ ከዋክብትን ስትለካ የኖረችው ለዚህና ይህን ለመሰለው ሥራ ነው።

5ኛ፤ የየአንዳንዱ ክብደት እንዴት እንደሚለይ

እስከዚህ የተገኘው ድምሩ ብቻ ነው። ለመለየት ሌላ ልኬት ያስፈልጋል። በእውነቱ ትንሹ በትልቁ ዙሪያ ብቻ አይዞርም፤ ሁለቱም በመካከላቸው ባለ አንድ ነጥብ ዙሪያ ይዞራሉ። ይህም ነጥብ ወደ ከባዱ የቀረበ ነው። በቀጥተኛ ዘንግ አንድ ጫፍ ሁለት ድንጋይ፥ በሌላው ጫፍ ያንኑ የመሰለ አንድ ድንጋይ ቢታሰር፥ ዘንጉ ተመዛዝኖ የሚቆመው ከመካከል ሳይሆን ወደ ሁለቱ ድንጋይ ቀርቦ ነው። ዘንጉ 90 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፥ ነጥቡ ከሁለቱ ድንጋይ 30፥ ከአንዱ ድንጋይ 60 ሴንቲ ሜትር ይርቃል፤ የዘንጉ የራሱ ክብደት ግን ጥቂት ወደ መካከል ይስበዋል። ስለዚህ ሩቅ በሆኑት ከዋክብት መካከል እያስተያዩ እያንዳንዱ ከነጥቡ ምን ያህል እንደሚወዛወዝ የለካ ሰው ድምሩን ለሁለት ማካፈል ይችላል። በዚህ መንገድ ከአልፋ ሴንታውሪ ጥንዶች አንዱ 1.08፥ ሁለተኛው 0.91 ፀሐይ ሆነው ተገኙ።

የዚህ አለካክ ታላቁ ምስክር ሲሪዮስ ነው። በየካቲት ወር ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ በደቡብ ከፍ ብሎ የሚታየው፥ ከሌሊት ከዋክብት ሁሉ የሚደምቀው ኮከብ ነው። ኦሪዮን በሚባሉት ከዋክብት መካከል በአንድ መስመር የተሰለፉት ሦስቱ ወደ እርሱ ያመለክታሉ። ቤሰል የሲሪዮስን ስፍራ የብዙ ዓመት መዝገብ ሲመረምር፥ ኮከቡ በቀጥታ እንደማይሄድ፥ ነገር ግን ወዲያና ወዲህ እያለ እንደሚጓዝ አየ። በ1844 ዓ.ም.ም የማይታይ ጓደኛ አለው፥ የሚስበው እርሱ ነው ብሎ አስታወቀ። በ1846 ዓ.ም. ሳያየው ሞተ። ጥር 31 ቀን 1862 ዓ.ም. ግን አልቫን ግራም ክላርክ የተባለ አሜሪካዊ መነጽር ሠሪ አዲስ የተሠራ ቴሌስኮፕ ሲፈትን፥ ያን ጓደኛ ደብዛዛ ነጥብ ሆኖ አየው። በቍጥር የተነገረው ከ18 ዓመት በኋላ በዓይን ታየ።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። የምሕዋሩ ማዕዘን 7.5 ሴኮንድ፥ ፓራላክሱ 0.379 ሴኮንድ፥ ዘመኑ 50.1 ዓመት ነው። 7.5 በ0.379 ሲካፈል 19.8 ይሆናል። ይህ ሦስት ጊዜ ሲባዛ 7,762፤ 50.1 ሁለት ጊዜ ሲባዛ 2,510፤ አንዱ በሌላው ሲካፈል 3.09 ይሆናል። በየራሳቸው ሲለዩ ትልቁ 2.06፥ ትንሹ 1.02 ፀሐይ ነው፤ እንደ ዘንጉ ድንጋዮች ሁለት ለአንድ ማለት ነው።

ከዚህም አስደናቂ ነገር ተገለጠ። ትንሹ የፀሐይን ያህል ይከብዳል፤ ስፋቱ ግን ከምድር ጥቂት ያንሳል። ስለዚህ ቁሱ እጅግ የታመቀ ነው፤ የአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትሩ ክብደት ከ20 ኩንታል ይበልጣል። ሚዛኑ ባይኖር ይህን የሚያምን ሰው ባልተገኘም ነበር።

6ኛ፤ ተለይተው ስለማይታዩ ጥንዶች

ብዙዎቹ ጥንዶች እጅግ ስለ ተጠጋጉ በማናቸውም መነጽር አይለዩም። እነዚህ በብርሃናቸው ይታወቃሉ። የመኪና ጥሩምባ ወደ ሰሚው ሲመጣ ድምፁ ይቀጥናል፥ ሲርቅ ይወፍራል። ብርሃንም እንዲሁ ኮከቡ ሲቀርብ ወደ ሰማያዊ፥ ሲርቅ ወደ ቀይ ጥቂት ያዘነብላል። ከዚህ ፍጥነቱ ይለካል፤ ፍጥነቱና ዘመኑ ከታወቁ የምሕዋሩ ስፋት ይገኛል። ነገር ግን ምሕዋሩ ምን ያህል እንዳዘነበለ ካልታወቀ የሚገኘው ከዚህ አያንስም የሚባለው ክብደት ብቻ ነው። አንዱ ሌላውን እየጋረደ ብርሃኑ በየጊዜው የሚቀንስ ከሆነ ግን፥ ምሕዋሩ በጎኑ እንደሚታይ ስለሚታወቅ ክብደቱም ይታወቃል።

የኢትዮጵያ ስም ያለበት ምሳሌም አለ። በ2019 ዓ.ም. ዓለም አቀፍ የሥነ ፈለክ ኅብረት ለየአገሩ አንድ ኮከብና አንድ ዘዋሪ እንዲሰየሙ ሲፈቅድ፥ የኢትዮጵያ ድርሻ የሆነው ኮከብ ቡና፥ ዘዋሪውም አቦል ተባሉ። አቦል ፕላኔት እንጂ ኮከብ አይደለም፤ በዓይንም አልታየም። ነገር ግን ቡናን እየሳበ ሲያወዛውዘው በብርሃኑ ተለክቶ፥ 2 ዓመት ከ8 ወር ባለፈ ጊዜ አንድ ዙር እንደሚፈጽም፥ ክብደቱም ከጁፒተር 4 እጥፍ እንደማያንስ ታወቀ። መንገዱ ቤሰል ስለ ሲሪዮስ የተከተለውን ይመስላል፤ የሚታየው የማይታየውን ይመሰክራል።

7ኛ፤ የዚህ ዕውቀት ጥቅም

የኮከብ ዕድሜ በክብደቱ ይወሰናል። ትልቁ ሲሪዮስ የፀሐይን ሁለት እጥፍ ይከብዳል፤ የሚሰጠው ብርሃን ግን የፀሐይን 25 እጥፍ ያህል ነው። ዘይቱ ሁለት እጥፍ ሆኖ 25 እጥፍ የሚነድ ኩራዝ ቶሎ እንደሚያልቅ፥ ከባድ ኮከብም ፈጥኖ ያልቃል። ደግሞም የጥንዶች ክብደትና ብርሃን ከተመዘገበ በኋላ፥ ብቻውን ያለ ኮከብ በብርሃኑ መጠን ክብደቱ ይገመታል። የነጠላዎቹ ክብደት እንኳ ከጥንዶቹ የተገኘ ዕውቀት ነው።

ሁለተኛው ጥቅም ለትምህርት ቤት ነው። የአልፋ ሴንታውሪ አንድ ዙር 80 ዓመት ያህል ስለሚፈጅ፥ አንድ ሰው ጀምሮ አይጨርሰውም። መምህሩ የለካውን ተማሪው ተቀብሎ ሊቀጥለው ይገባል። ቤሰልም የማይታየውን ኮከብ ያገኘው እርሱ ብቻ በለካው ሳይሆን ከእርሱ በፊት የነበሩ ሰዎች ቀኑን ጽፈው ባቈዩት መዝገብ ነው። ዛሬ በአዲስ አበባ በእንጦጦ ተራራ መስተዋታቸው አንድ አንድ ሜትር ስፋት ያላቸው፥ በ2015 ዓ.ም. የተመረቁ ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ። ከብቸናና ከሞጣ የሚሄድ ተማሪ ወደዚያ ቢደርስ የሚጠቅመው አስቀድሞ በትምህርት ቤቱ የለመደው ትጋት ነው፤ ያየውን በቀኑና በሰዓቱ መጻፍ፥ ያላየውን አለመጨመር።

ለመምህራን፤ የሙከራና የጥያቄ ክፍል

1. መምህሩ ቀጥተኛ ዘንግና እኩል የሆኑ ድንጋዮች አዘጋጅቶ በ5ኛው ክፍል የተነገረውን ለልጆች ያሳይ። ከዚያም ሁለት ለአንድ የነበረውን ሦስት ለአንድ አድርገው ነጥቡን ራሳቸው ይፈልጉ።

2. ርቀታቸው 10፥ ዘመናቸው 20 ዓመት የሆነ ጥንድ ከዋክብት ክብደታቸው በድምሩ ስንት ነው? (1,000 በ400 ተካፍሎ 2.5 ፀሐይ።) ከነጥቡ ያላቸው ርቀት 4ና 6 ቢሆን የየአንዳንዱ ክብደት ስንት ነው? (የቀረበው 1.5፥ የራቀው 1 ፀሐይ።)

3. በግቢው ውስጥ ያለ አንድ ዛፍ ከሁለት ስፍራ ታይቶ፥ በስተኋላው ካለው ተራራ አንጻር ምን ያህል ፈቀቅ እንዳለ ይመዝገብ። ሁለቱ ስፍራዎች ሲራራቁ ፈቀቅታው ለምን እንደሚበዛ ተማሪዎች በራሳቸው ቃል ይናገሩ።

4. አንድ ሰው «ኮከቡን ማን ወጥቶ መዘነው?» ቢል ተማሪው በአምስት ዓረፍተ ነገር መልሱን ይጻፍ። መልሱ ርቀትን፥ ዘመንንና ጓደኛውን ኮከብ ካላነሣ ገና አልተሟላም።